«ከጊዜ ወደ ጊዜ» ስንት ዓመት ነው?

በእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ውስጥ አንዲት ሐረግ አለች። ሥራዬ ሆኖ በየጊዜው ስለማገኛት አሁን አሁን እሷም የለመደችኝ ይመስለኛል። ሕጉ የ1990ው ነው (ዘመኑ የኢትዮጵያ ነው ካላልኩ በቀር የምጠቅሰው ሁሉ የፈረንጅ ነው)። የተበከለ መሬትን የሚመለከተው ክፍል በእንግሊዝ ሥራ ላይ የዋለው በሚያዝያ 2000 ሲሆን፣ እያንዳንዱ ካውንስል በወሰኑ ውስጥ ያለውን መሬት «ከጊዜ ወደ ጊዜ» እንዲመረምር ያዛል። ከጊዜ ወደ ጊዜ! በዓመት ነው? በአምስት ዓመት? በሠላሳ? ሕጉ አይልም። የእኛ ሰው «ሰሞኑን ብቅ እላለሁ» ብሎ ስልኩን ሲዘጋ እንደማለት ነው። ሊመጣ ይችላል። ቡና አፍልቶ የሚጠብቀው ግን የለም።

መኖሪያዬ ቶተንሃም፣ እንጀራዬ ደግሞ አፈር ነው። ቤት ሊሠራበት የታሰበ ቦታ እንሄዳለን፣ እንቆፍራለን፣ ናሙናውን በጠርሙስ እየሞላን እንልካለን፤ ላቦራቶሪው እርሳስ፣ አርሴኒክ፣ የነዳጅ ትራፊና ሌላም ሌላም ስንት እንዳለው ይለካል። አገሬ ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «አፈር እመረምራለሁ» ስል «ለእርሻ ነው?» ይለኛል። ለእርሻ አይደለም። አዲሱ ነዋሪ ከመግባቱ በፊት ከእሱ ቀድሞ እዚያ ቦታ ላይ ማን እንደነበረ፣ ምን ጥሎ እንደሄደ ለማወቅ ነው። ብዙ ጊዜ ጥሎ የሄደው ደግሞ ደሀ ወይም ወንበዴ ሳይሆን ራሱ መንግሥት ነው። የጦር መሣሪያ ፋብሪካ፣ የባሩድ ወፍጮ፣ የባቡር መጋዘን፣ የጋዝ ማምረቻ፣ የቆሻሻ መጣያ።

ለምን ይህን እንደማነሣ ቶተንሃም ያላችሁ በእግራችሁ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ከቶተንሃም ሄል ጣቢያ ወርዳችሁ የሊ ወንዝን ይዛችሁ ወደ ሰሜን ብትሄዱ በስተቀኝ ለንደን የምትጠጣው ውሃ የሚጠራቀምባቸው ሰፋፊ ግድቦች፣ በስተግራ መጋዘንና ፋብሪካ፣ ከፊት ደግሞ አዳዲስ ፎቅ ነው። ትንሽ ራመድ ሲባል ሜሪዲያን ዋተር የሚባለው ቦታ ይደረሳል። የእንፊልድ ካውንስል ሰፈር ሊመሠርትበት የያዘው ይህ መሬት ድሮ በከፊሉ የጋዝ ማምረቻ ነበር። ከድንጋይ ከሰል ጋዝ ሲወጣ የሚተርፈው ሬንጅና ሳያናይድ ነው፤ ይህ ደግሞ ፋብሪካው ስለተዘጋ ተነሥቶ አይሄድም። አሁን የራሱ ባቡር ጣቢያ አለው፣ በ2019 ነው የተከፈተው።

ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ከተጓዛችሁ እንፊልድ ሎክ ናችሁ። እዚህ የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ነበር፤ ሊ-እንፊልድ ጠመንጃ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። መቼም ወግ ነውና አንድ ነገር ልጨምር። በሀገራችን ዛሬ መትረየሱን ሁሉ «ብሬን» የምንለው ከዚሁ ሰፈር የወጣ ቃል ነው፤ የቼኮዝሎቫኪያዋ ብርኖ እና እንፊልድ የሚሉት ሁለት ስሞች ተጣብቀው የተፈጠረ። እዚያ ወንዝ ዳር ቆሜ ይህንን ለአንድ የጎጃም ልጅ ስነግረው «ታዲያ እንዲህ ያለ ጸጥ ያለ ቦታ ነው እንዴ የፈለፈለው?» አለኝ። ጸጥ ያለ ነው፣ እውነቱን ነው። ፋብሪካው በ1988 ተዘጋ። በ1990ዎቹ መጨረሻ እንፊልድ አይላንድ ቪሌጅ የሚባል የመኖሪያ መንደር ተሠራበት። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ብረት ሲቀልጥ፣ ሲፋቅ፣ በኬሚካል ሲታጠብ የኖረበት አፈር ላይ ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ። ግንባታው ሲካሄድ የአካባቢ ተቆርቋሪዎች «ጽዳቱ በቂ ነው ወይ?» ብለው አጥብቀው ጠይቀው ነበር። ከዚያ ትንሽ ከፍ ሲባል ዎልታም አቢ አለ። የእንግሊዝ መንግሥት በ1787 ገዝቶ እስከ 1991 ባሩድና ፈንጂ የሠራበትና የተመራመረበት ግቢ ነው፤ ጽዳቱን የመከላከያ ሚኒስቴር ከፍሎ ካሠራ በኋላ በ2001 ለጎብኚ ተከፈተ።

እንግዲህ «ጸዳ» የሚለውን ቃል እዚህ ጋ ማየት ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ ጸዳ ማለት ቆሻሻው ተጠርጎ ወጣ ማለት ነው። በእኛ ሙያ እንደዚያ የሚሆነው ጥቂት ጊዜ ነው። አንዳንዴ አፈሩ ይታጠባል፤ የለንደን ኦሎምፒክ ፓርክ ሲሠራ እዚሁ ሊ ወንዝ ዳር፣ ስትራትፎርድ ላይ፣ «የአፈር ሆስፒታል» ብለው የጠሩት ማጠቢያ አቁመው ብዙውን አፈር እዚያው አክመው እዚያው መልሰውታል። ብዙ ገንዘብና ቀነ ገደብ ያለው መንግሥት እንዲህ ያደርጋል። ሌላ ጊዜ ግን የሚደረገው መሸፈን ነው። ከላይ ጭቃ አፈር ይደለደላል፣ በላዩ ላይ ንጹሕ አፈር ይነጠፋል፣ ሣር ይዘራል። መርዙ ከሥር አለ። ከሰው እስካልተገናኘ ድረስ ጉዳት የለውም ነው ሐሳቡ፤ ይህ ደግሞ ማታለል አይደለም፣ በደንብ ከተሠራ የሚሠራ ዘዴ ነው።

ችግሩ ሽፋን ያረጃል። የዛፍ ሥር ይወጋዋል፣ አይጥ ይምሰዋል፣ ጎርፍ ይሸረሽረዋል። ከሁሉ የባሰው ጠላቱ ግን የቤት ባለቤት ነው። «ከዚህ በታች አትቆፍሩ» የሚለው ወረቀት ለመጀመሪያው ገዢ ይሰጠዋል፤ አራተኛው ገዢ ሲመጣ ወረቀቱ የለም፤ ሰውየው ጓሮው ውስጥ የዓሣ ኩሬ ሊቆፍር ቅዳሜ ማለዳ አካፋውን ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ጽዳት አንዴ ተሠርቶ ሪባን የሚቆረጥለት ነገር ሳይሆን እንደ ጣሪያ ነው። በየጊዜው ወጥቶ የሚያየው ሰው ይፈልጋል።

አሜሪካኖች ይህን ነገር በሕጋቸው ላይ በቁጥር ጽፈውታል። የተበከሉ ቦታዎችን ለማጽዳት በ1980 ያወጡት፣ በተለምዶ ሱፐርፈንድ የሚባለው ሕግ በ1986 ሲሻሻል አንድ አንቀጽ ገባበት፦ ብክለት ከሥር ተትቶ በላዩ የተሸፈነ ወይም አጠቃቀሙ የተገደበ ቦታ ሁሉ ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ ተመልሶ ይመርመር። የግል ፋብሪካም ይሁን የጦር ሠፈር። መርዙ እዚያ እስካለ ድረስ ግምገማው አያበቃም። ገምጋሚው ሦስት ነገር ይጠይቃል። የተሠራው ሥራ እንደታሰበው እየሠራ ነው? ያኔ ትክክል ነው ብለን የተነሣንበት ግምትና መለኪያ ዛሬም ትክክል ነው? ደግሞስ ጽዳቱ ሰውን ይጠብቃል የሚለውን የሚያጠራጥር ሌላ ያልታሰበ ነገር ብቅ ብሏል?

እኔ በጣም የምወደው ሁለተኛውን ነው። ምክንያቱም አፈሩ ቁጭ ባለበት እኛ እንለወጣለን። እርሳስን ውሰዱ። የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ1994 ለመኖሪያ ግቢ አፈር ያወጣው ማጣሪያ በኪሎ 400 ሚሊግራም ነበር። በጥር 2024 ወደ 200 ዝቅ አደረገው። እንግዲህ በ2000 ተለክቶ 350 የተገኘበት ግቢ ያኔ «ንጹሕ» ተብሎ ተፈርሞለታል። አንድም ቅንጣት እርሳስ ሳይጨመርበት ዛሬ ንጹሕ አይደለም። ማንም አልዋሸም፤ ስለ ሕፃናት አእምሮ የምናውቀው ነገር ጨመረ እንጂ። ተመልሶ የሚያይ ሰው ከሌለ ግን የ2000ው ፊርማ ለዘላለም ንጹሕ ነው እያለ ይኖራል። በጦር አውሮፕላን ማረፊያዎች ለእሳት ማጥፊያ ይረጭ የነበረው አረፋም እንዲሁ ነው፤ ቀደም ባሉት ምርመራዎች የሚፈልገው እንኳ አልነበረም፤ በ2024 ግን በመጠጥ ውሃ ውስጥ ከአንድ ትሪሊዮን 4 እጅ እንዳይበልጥ ገደብ ወጣበት።

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች ይህ ጉዳይ ከምታስቡት በላይ ቅርባችሁ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ስፕሪንግ ቫሊን ታውቁታላችሁ፤ ውድ ሰፈር ነው። በጥር 1993 የቧንቧ ቦይ ሲቆፈር ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ የጦር መሣሪያ ወጣ፤ አካባቢው ለካ የመርዝ ጋዝ መሞከሪያ ነበር። ዴንቨር ያላችሁ ደግሞ ጎሾች የሚታዩበትን የሮኪ ማውንቴን አርሰናል ጥብቅ ሥፍራ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ ይሆናል። ከ1942 ጀምሮ የኬሚካል መሣሪያ፣ በኋላም ዲልድሪንን የመሰሉ ፀረ ተባዮች የተሠሩበት ግቢ ነው። ጽዳቱ በ2010 ሲያበቃ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት ነበር። ዲልድሪን የሚለውን ስም ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሜሪካኖቹን ግን ቅዱስ ላድርጋቸው አልፈልግም። የመንግሥት መሬት ሲሆን ግምገማውን በአብዛኛው የሚያዘጋጀው ያው በካዩ መሥሪያ ቤት ነው። ባሕር ኃይሉ ስለ ባሕር ኃይሉ ይጽፋል፣ የአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት አይቶ ይስማማል ወይም አልስማማም ይላል። ተማሪው ፈተናውን ራሱ እንዲያርም ሰጥቶ መምህሩ ትከሻ ላይ ቆሞ እንደማየት ነው። በሳን ፍራንሲስኮ ሀንተርስ ፖይንት በተባለው የቀድሞ የባሕር ኃይል መርከብ ማደሻ የሆነውንም ማንሳት አለብኝ፦ ጨረር ይኖርበታል ተብሎ የተጠረጠረውን አፈር ትተው ከሌላ ቦታ ንጹሕ አፈር እያመጡ በናሙና ጠርሙስ የሞሉ ሁለት የሥራ ተቆጣጣሪዎች በ2018 ስምንት ስምንት ወር ተፈርዶባቸዋል። ናሙና የምሞላው እኔው ነኝና ይህን ሳነብ ውስጤ ነው የተቆጣው። ይሁን እንጂ ነገሩ ሊታወቅ የቻለው ወረቀቱ ስለነበረ፣ ቁጥሩን ከቁጥር ጋር የሚያስተያይ ሰው ስለነበረ ነው። ቀን የተቆረጠለት ግምገማ ሌባን አያስቀርም፤ ግን የሚመለስበትን ቀን ያሳውቀዋል።

እንግሊዝ ደግሞ ቀን ስላልቆረጠች የከፈለችውን ዋጋ ኮርቢ ላይ እናያለን። ኮርቢ የብረት ከተማ ነበረች። የመንግሥት ንብረት የነበረው የብረት ፋብሪካ ብረት ማቅለጡን በ1980 ሲያቆም ካውንስሉ መሬቱን ገዝቶ ማጽዳት ጀመረ። በጎ ሐሳብ ነው፣ ሥራ ለጠፋበት ሕዝብ ሥራ ሊያመጣበት። ነገር ግን መርዘኛው ጭቃ ሳይሸፈን በጭነት መኪና በከተማው መሀል ተጓዘ፤ መንገድ ላይ ተንጠባጠበ፣ ደረቀ፣ አቧራ ሆነ። በዚያ ዘመን ከተወለዱት ሕፃናት መካከል ጣታቸውና እግራቸው በትክክል ያላደገ ተገኙ። እናቶች ተሰባስበው ከሰሱ። በሐምሌ 2009 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ካውንስሉ ከ1985 እስከ 1997 ሥራውን በቸልተኝነት አካሂዷል ብሎ ፈረደ፤ በ2010 ካሣ ተስማሙ። ልብ በሉ፣ ከተማውን ያስከሰሰው ፋብሪካው አይደለም። ጽዳቱ ነው። በእነዚያ አሥራ ሁለት ዓመታት ውስጥ አንድ የውጭ ሰው በቀጠሮ መጥቶ «እስቲ መኪናችሁን አሳዩኝ» ቢል ኖሮ ብዬ ሁልጊዜ አስባለሁ። ከዚያ በኋላስ? ከ2013 መጨረሻ ወዲህ ማዕከላዊው መንግሥት ለካውንስሎች የተበከለ መሬት መመርመሪያ ይሰጥ የነበረውን ድጎማ አመናምኖ አቁሞታል። «ከጊዜ ወደ ጊዜ» ገንዘብ ሲያጣ «አንድ ቀን» ይሆናል።

አሁን ወደ አገር ቤት።

እዚህ ያለን ሰዎች ስለ ኢትዮጵያ የአካባቢ ብክለት ሲነሣ ወዲያው ወደ አቃቂ ወንዝና ወደ ቆዳ ፋብሪካ እንሮጣለን። እሱም ልክ ነው። እኔ ግን የማነሣው ብዙ ሰው የረሳውን የፀረ ተባይ መጋዘን ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለአንበጣ፣ ለተምች፣ ለግሪሳ፣ ለወባ እየተባለ በመንግሥትም በለጋሽም ወደ አገር የገባ መርዝ ሳይረጭ ቀረ፤ ጊዜው አለፈበት፤ በየወረዳው መጋዘን ተከማቸ። ዲልድሪን የሚለው ስም እዚህ ጋ ይመለሳል፤ በአፍሪካ አንበጣ ላይ በሰፊው ይረጭ የነበረ መድኃኒት ነው። ዲዲቲም አለ፣ ማላታይንም አለ። መጨረሻ ላይ ሲቆጠር ወደ 3,000 ቶን የሚጠጋ ሆኖ ተገኘ፤ በአፍሪካ ካሉት ክምችቶች ከትልልቆቹ አንዱ። በፋኦ አስተባባሪነት በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወደ 1,500 ቶኑ ታሽጎ በጅቡቲ በኩል ፊንላንድ ሄዶ በልዩ ምድጃ ተቃጠለ። በ2005 የአፍሪካ የፀረ ተባይ ክምችት ፕሮግራም ሲጀመር ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ አገሮች አንዷ ነበረች። እነዚህን መርዞች የሚመለከተውን የስቶክሆልም ስምምነትም በ2003 አጽድቃለች። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። ያንን በርሜል ያሸጉ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ምስጋና ሲያንሳቸው ነው።

ነገር ግን በርሜል ሄደ ማለት አፈሩ ጸዳ ማለት አይደለም። የተቀደደ በርሜል ለዓመታት ያንጠባጥባል፤ የተሰነጠቀ ሲሚንቶ ያሳልፋል፤ ዲዲቲ አፈር ውስጥ ገብቶ ግማሹ እስኪጠፋ ብቻ እንደ አፈሩና እንደ አየሩ ከ2 እስከ 15 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ግማሹ ነው ያልኩት። ቀሪው ግማሽ ደግሞ ሌላ ዘመን ይፈልጋል።

ይህንን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። አባቴ ነፍሱን ይማረውና የሰብል ጥበቃ ሠራተኛ ነበር፤ ያደግኩት ስሟን በማልጠቅሳት አንዲት የወረዳ ከተማ ነው። መጋዘኑ ከቤታችን ጀርባ ነበር። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የጭንቅላት አጥንት የተሣለበት በርሜል፣ በፀሐይ ቀን አፍንጫ የሚሰረስር ሽታ። ባዶው በርሜል እንደ ዕድል ይታይ ነበር፤ አጥበው ውሃ የሚያጠራቅሙበት ነበሩ። አንድ ክረምት ነጭ ቱታና ጭንብል የለበሱ ሰዎች መጥተው በርሜሉን ሁሉ አሽገው ጭነው ሄዱ። እኛ ልጆቹ ጨረቃ ላይ የወጡት ሰዎች መጡ ብለን ተከትለናቸዋል። በሥራቸው ቅሬታ የለኝም፤ የተላኩት በርሜል ሊያወጡ ነው፣ አወጡ።

ባለፈው ፋሲካ እንኳን አደረሰዎ ልል የመጋዘኑ ዘበኛ ለነበሩት ሰው ደወልኩ። ጋሼ ነው የምላቸው፣ ከሰባ አልፈዋል። ከሰላምታው በኋላ፦

«አንተ እኮ የአፈር ሐኪም ሆነሃል አሉ» አሉኝ።

«አይ ጋሼ፣ እመረምራለሁ እንጂ አላክምም።»

«እሱም ይበቃል። ያ መጋዘን አጸደ ሕፃናት ሊሆን ነው። ግቢው ውስጥ ጉድጓድም አውጥተዋል። በርሜሉን እናጥብበት የነበረው ቦታ ትዝ ይልሃል? እሱ ጋ ነው። እኔ እዚያ ጋ ሣር ሲበቅል ለብዙ ዓመት አላየሁም። ደግ ነው ትላለህ?»

ደግ ነው አላልኩም፣ ክፉ ነውም አላልኩም። ሳይለካ የሚናገር ሰው በእኔ ሙያ ጠንቋይ ነው። ወደሚመለከተው ቢሮ ደወልኩ። መልሱ ትሕትና የተሞላ ነበር፤ ወጣት ድምፅ ነው። «ወንድሜ፣ ዕቃው ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል እኮ። ቦታው ጸድቷል።» በርሜሉ ከወጣ በኋላ አፈሩ የተለካበት ወረቀት ካለ እንዲልክልኝ ጠየቅሁት። ፈለገ፣ መልሶም ደወለልኝ፤ ይህ ራሱ የሚመሰገን ነው። ወረቀት የለም። ልጁ ምንም አላጠፋም። የዚያን ጊዜ እሱም አጸደ ሕፃናት ነበር። የሚመለስበት ቀን ያልተጻፈለት ሥራ ሠራተኛው ጡረታ ሲወጣ አብሮ ጡረታ ይወጣል።

ሕግ የለንም እንዳትሉኝ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 (ይህኛው በኛው ዘመን ነው) የበከለ ያጽዳ፣ ወይም የጽዳቱን ወጪ ይክፈል የሚለውን ይዟል። ካጸዳ በኋላ ግን በስንት ዓመት ተመልሶ ይታይ ለሚለው ቀን አልቆረጠም። በዚህ በኩል ከእንግሊዝ ጋር ዘመዳሞች ነን ማለት ነው። በተለይ በካዩ መንግሥት ራሱ ሲሆን ማን ማንን ይጠይቅ? የግብርና መሥሪያ ቤት የግብርናን መጋዘን፣ ማዘጋጃ ቤት የማዘጋጃ ቤትን ቆሻሻ?

ቆሼን ማንሳት ግድ ይላል። ረጲ ያለው የአዲስ አበባ ቆሻሻ ክምር መጋቢት 2 ቀን 2009 በእኛ አቆጣጠር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ቀበረ። ያ ክምር ሞልቷል፣ አደገኛ ነው ሲባል የኖረ ነው። በምትኩ ሰንዳፋ ላይ የተሠራው መጣያ በ2016 ሥራ ጀምሮ ገበሬዎቹ ሲቃወሙ በወራት ውስጥ ቆመ፤ መኪናው ወደ ቆሼ ተመለሰ። ከአደጋው በኋላ ብዙ ተሠርቷል፣ የለም አልልም፤ ከቆሻሻ ኃይል የሚያመነጨው ፋብሪካ በነሐሴ 2018 ተመረቀ፣ የክምሩን አየርና ውሃ የሚያስተነፍስ የጃፓኖች ዘዴም ተሞክሯል። ዜናው ላይ ያየነው ግን ምረቃውን ነው። ክምር ከተስተካከለ በአምስተኛው ዓመት ስለ ቁልቁለቱ፣ ስለ ጋዙ፣ ከሥሩ ስለሚወጣው ጥቁር ውሃ የሚናገር ዜና የሚያምር ዜና አይደለም፤ ሪባን የለውም። የሰው ሕይወት ያለው ግን እሱ ውስጥ ነው።

ከኢትዮጵያ አሜሪካን የሚያህል ወጪ አልጠብቅም። 2 ቢሊዮን ዶላር የለንም። የአምስት ዓመቱ ግምገማ ግን ከጽዳቱ ጋር ሲነጻጸር የእጅ ዋጋ ነው፤ ሁለት ባለሙያ፣ አንድ መኪና፣ ጥቂት ናሙና፣ አሥር ገጽ ወረቀት። ከሁሉም በላይ ዝርዝር ይፈልጋል፤ የትኞቹ የመንግሥት ግቢዎች መርዝ ተከማችቶባቸው ነበር የሚል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ያ ቆጠራ ሲካሄድ ተሠርቷል፤ ከባዶ አይጀመርም። ግምገማውን ደግሞ በካዩ መሥሪያ ቤት ራሱ ባይጽፈው እመርጣለሁ። የፌዴራል ዋና ኦዲተር የክዋኔ ኦዲት የሚባል ሥራ አለው፣ ግኝቱንም ለምክር ቤት ያቀርባል፣ የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴም ኃላፊዎችን በአደባባይ ሲያፋጥጥ በቴሌቪዥን አይተናል። የገንዘብ ጉድለት ሲጠይቅ የሚላብ ኃላፊ «የአፈር ውጤቱ የታለ?» ሲባልም ይላብ። የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን መለኪያውን ያውጣ፣ ኦዲተሩ ቀኑን ይያዝ። አንዳንድ ጓደኞቼ «አገሩ ባለበት ሁኔታ ይህ ቅንጦት ነው» ይሉኛል። ጦርነቱም፣ ረሃቡም፣ የኑሮ ውድነቱም አይጠፋኝም። ነገር ግን አጸደ ሕፃናቱ ሰላም እስኪወርድ አይጠብቅም፣ ሕፃኑም ውሃ ይጠማዋል።

ተማሪ የሆናችሁ፣ በተለይ በኬሚስትሪ፣ በሕዝብ ጤና፣ በጂኦሎጂ የማስተርስ ርእስ ፍለጋ የምትንከራተቱ፣ እባካችሁ ስለ ሌላ ሰው አገር ወንዝ መቶኛውን ጥናት ከመሥራት አንድ የተዘጋ መጋዘን ሂዱና ለኩ። አፈሩን በሻንጣ ይዛችሁ ወደ እንግሊዝ ለመምጣት ግን እንዳታስቡ፤ ከአውሮፓ ውጭ አፈር ያለ ልዩ ፈቃድ ማስገባት ክልክል ነው፣ ደግሞም ትክክል ነው። ናሙናው እዚያው አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ይመርመር። መሣሪያው አለ፤ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ከውጭ በዶላር የሚገዛው ማመሳከሪያ ኬሚካልና የመለዋወጫ ዕቃ ነው። ለሠርግ አዳራሽ የምናዋጣውን ያህል እንኳ አይሆንም።

የእኔን መንደር በተመለከተ፣ ከግቢው ስምንት ናሙና ተወስዷል፤ ሁለቱ ከጉድጓዱ አጠገብ፣ አንዱ ጋሼ ካሳዩት ቦታ። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው በትርፍ ሰዓቱ ሄዶ የወሰደው። ማመሳከሪያው ኬሚካል ከዚህ የተላከው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው፣ እስካሁን ጉምሩክ ነው። አጸደ ሕፃናቱ ምዝገባ የሚጀምረው በነሐሴ መጨረሻ ነው። ጉድጓዱን እስከዚያ በቁልፍ እንዲዘጉት ጋሼ ቀበሌውን ለምነዋል፤ «የውሃ ቁልፍ ማን አይቶ ያውቃል?» ብለው ስቀውባቸዋል። ቁልፉን ራሳቸው ገዝተው ሰቅለውበታል።